የተፈታው ጥቅል

ነገር ዋጥ አድርጎ የማለፍ ተሰጥኦ እኔን ሳይነካኝ ነው ያለፈው። አውቶቡስ ውስጥ እግሬን የረገጠ ሰው ይቅርታ ሳይጠይቀኝ አይወርድም። ስብሰባ ላይ የማይረባ ነገር ሲነገር አፌ ባይከፈት ፊቴ ይናገራል። ወንድሜ «ሚጣ፣ አንቺን የሚያገባ ሰው አስቀድሞ ጠበቃ ይያዝ» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ስለዚህ ይህንን ነገር ይህን ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ ይዤ መኖሬን የሚያውቀኝ ሰው አያምንም። አሁን የማወራው፣ እንዳይሰሙ የተባሉት ሰው ባለፈው ክረምት ስላረፉ ነው።

የወንድሜ ሥራ የተቃጠለ ሞተር ማደስ ነበር። የውሃ ፓምፕም ይሁን የወፍጮ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ከሆዱ መዝርጦ ያወጣና አዲስ የመዳብ ሽቦ ዙር በዙር ይጠመጥምበታል፤ መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ያጠጣዋል። ሱቁ በጎማ ቤትና በፎቶ ኮፒ ቤት መሀል የተወሸቀች፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ የሚቆምባት ክፍል ናት። የቫርኒሹ ሽታ አንዴ ልብስ ላይ ከወጣ በእጥበት አይለቅም። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ እኔን ያሳደገኝ፣ ከፊደል እስከ ዶክትሬት ያደረሰኝ በዚያ ሽቦ ነው። እኔ «ወንድም ጋሼ» እለዋለሁ። እሱ ግን ዶክተር ከተባልኩ በኋላም፣ ባልደረቦቼ ፊት ሳይቀር፣ «ሚጣ» ማለቱን አልተወም።

የደም ካንሰር እንዳለበት ለእሱ፣ ለሚስቱና ለእኔ ሲነገረን ክኒን ጀመረ። ክኒኑ በሽታውን አላጠፋውም፤ ባለበት አቆመው እንጂ። ሐኪሙም ሳይሸፋፍን፣ ክኒኑ አንድ ቀን መሥራቱን እንደሚያቆም ነግሮናል። ያኔ ነው የነበርኩበትን ሥራ ጥዬ፣ ደጅ ጠንቼ፣ ለእንደሱ ዓይነት በሽታ መድኃኒት ወደሚፈለግበት ላቦራቶሪ የገባሁት። ለሳይንስ ፍቅር ነው ብዬ ማንንም አላታለልኩም። ወንድሜ እንዳይሞትብኝ ነው።

የምንሠራው ነገር እንዲህ ነው። ባንድ ሴል ውስጥ ያለው ዲኤንኤ ቢዘረጋ ከሰው ቁመት ይበልጣል፤ ሴሉ ራሱ ግን በዓይን አይታይም። ስለዚህ ዲኤንኤ ተጠቅልሎ ነው የሚኖረው። ድቡልቡል የፕሮቲን ጉብታ ላይ ሁለት ዙር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ይጠመጠማል፤ ትንሽ ራቅ ብሎ ደግሞ ሌላ ጉብታ ላይ እንደዚያው። እያንዳንዱ ጥቅል ኑክሊዮሶም ይባላል። ዲኤንኤው በርዝመቱ ሁሉ አብሮት የሚዞር ጠባብ ቦይ አለው። አንዳንድ ትናንሽ ሞለኪውሎች እዚያ ቦይ ውስጥ ገብተው የፊደሎቹን ጠርዝ ይዳስሳሉ፤ የሚፈልጉትን ተራ ሲያገኙ ልክክ ብለው ይቀመጣሉ። የእኛዋ ሞለኪውል የወንድሜን ዓይነት ሴል በሚያሳብደው ዘረመል በር ላይ ተለጥፋ እንድትዘጋው የተሠራች ናት። ባዶ ዲኤንኤ ላይ ሥራዋን አሳምራ ትሠራለች። እንደተጠቀለለ ስታገኘው ትይዘዋለች ወይ? ይህን ገና አናውቅም ነበር።

ለወንድሜ ያስረዳሁት እሱ የፓምፕ ሞተር ጭኑ መሀል አስቀምጦ እየጠመጠመ ነው።

«ይሄ ሽቦ ዲኤንኤ ነው እንበል» አልኩት።

«ይሁንልሽ።»

«የምትጠመጥምበት ብረት ደግሞ ፕሮቲኑ።»

«ፕሮቲን ከሆነማ ምሳችንን አገኘን።»

«ወንድም ጋሼ፣ የምሬን ነው!»

«እሺ እሺ፣ ቀጥይ። ጆሮዬ ክፍት ነው።»

ጣቱን ይዤ ጥቅሉ ላይ አሳረፍኩት። «ይሄ ወደ ውጭ የዞረው የሽቦው ፊት ነው፤ ይኸው ትነካዋለህ። ብረቱ ላይ የተኛውን ፊት ግን ልንካህ ብትለውም አትደርስበትም። ሞለኪውሏ የምትፈልገው ቦታ ከሁለቱ በየትኛው ፊት እንዳለ አናውቅም።»

ጥቂት አሰበና «ፍቺውና እይዋ» አለኝ።

«ከፈታሁትማ ባዶ ሽቦ ሆነ! ባዶውንማ እንደምትይዝ አውቃለሁ። ጭንቁ እንደተጠቀለለ ነው።»

«እንደ መዥገር ከሆነች ትገባለች። መዥገር ከየትም ብላ ቆዳ አታጣም።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሞለኪውሏ ስም መዥገር ሆኖ ቀረ። ልጠይቀው በሄድኩ ቁጥር ከሰላምታ በፊት «መዥገሯ ያዘች?» ይለኛል። ላቦራቶሪም ድረስ ገባ ስሙ፤ አለቃችን ራሷ ስብሰባ ላይ አምልጧት መዥገር ብላ ሁላችንንም አስቃናለች።

መዥገሯን በእጃቸው የሠሯት ሰው የኬሚስትሪ ክፍሉ ሽማግሌ ነበሩ። አባ ጠንቀቅ እንላቸው ነበር፤ ፊት ለፊት ግን ጋሼ። በር ቆልፈው ይወጡና ተመልሰው መቆለፉን ያያሉ፤ ደረጃው ላይ ሲደርሱ ደግሞ፣ ያዩት ዛሬ ይሁን ትናንት ተጠራጥረው እንደገና ይመለሳሉ። በጠራራ ፀሐይ ጃንጥላ ይይዛሉ። ልጅ አልነበራቸውም፤ ሚስታቸውም ካረፉ ቆይተው ነበር። አንድ ጊዜ የተቃጠለ የአየር መሳቢያ ፓምፕ አስይዤ ወደ ወንድሜ ሱቅ ላክኋቸው፤ በዚያው ተዋደዱ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚበላሽ ሞተር አያጡም። ወንድሜ «ደህናውን ሞተር ነቅለው እያመጡ ነው፣ አታዩአቸውም እንዴ?» እያለ ያማቸዋል፤ ሲመጡ ግን ወንበሩን ለቆ ራሱ ዘይት ቆርቆሮ ላይ ይቀመጣል።

ሆስፒታሉ መዥገሯን በሰው ላይ ለመሞከር ሁሉን ነገር ጨርሶ ሙከራውን የሚፈቅደው ኮሚቴ ያነሣው አንድ ጥያቄ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ያው የእኛ ጥያቄ። ጥያቄው ለወጉ ያህል አይደለም። የተጠቀለለውን መያዝ ካልቻለች፣ የታመመውን ሴል በር ትታ ዲኤንኤ የተፈታበትን ቦታ ሁሉ ትይዛለች ማለት ነው። ዲኤንኤ የሚፈታው ደግሞ ሴል ሲባዛ ነው። በአንጀትና በመቅኔ ውስጥ ቀን ከሌት የሚባዛው ጤነኛው ሴል ነው፤ መጀመሪያ የምትገድለው እሱን ነው። እንዲያ ከሆነች መድኃኒት ሳትሆን መርዝ ናት።

እንግዲህ ጥቅሉን መሥራት የእኔ ድርሻ ነበር። ዲኤንኤውንና ፕሮቲኑን ጨው በበዛበት ውሃ ትቀላቅያለሽ፤ ከዚያ ጨውን ቀስ፣ ቀስ አድርገሽ ትቀንሻለሽ። ጨው ሲጎድል ዲኤንኤው ራሱ ሄዶ ይጠመጠማል። ቸኩሎ የሚሠራ ሰው እጅ ላይ ይበላሻል። እኔ ደግሞ በተፈጥሮዬ ችኩል ነኝ፤ ያን ጊዜ ግን ራሴን እስክታዘበው ድረስ ታገሥኩ። ሲያልቅ ጄል ላይ ፈተሽኩት። ጄል ዲኤንኤን በኤሌክትሪክ የምናስሮጥበት ስስ ዝልግልግ ነገር ነው፤ ጥቅሉ ስለሚከብደው ላይ ይቀራል፣ ባዶው ቀሎት ታች ይወርዳል። የእኔው እንዳለ ላይ ቀረ። ቀይ ክዳን ባለው ሳጥን አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩት። እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ጥቅል ሳምንታት ይቆያል፤ ማንም ሰው በየጊዜው እያወጣ አይፈትሸውም።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ሰፈሩ ሁሉ መብራት ጠፍቶበት ዋለ። ሰኞ ስገባ ሳጥኔ ቦታው ላይ ነው፤ ፍሪጁም ይሠራል፤ ቲዩቦቹም ቀዝቃዛ ናቸው። ተመስገን ብዬ ልኬቱን ጀመርኩ። መዥገሯ ቦዩ ውስጥ ስትገባ ሰማያዊ ብርሃን ትሰጣለች፤ ካልገባች ጭል ጭል እያለች ትቀራለች። ባዶው ዲኤንኤ ያለበት አበራ። ጥቅሉ ያለበትም አበራ። ከዚያው ሳጥን ሌላ ቲዩብ አውጥቼ ደገምኩት፤ እሱም አበራ።

አለቃችን ከእኔ ብዙም የማትበልጥ፣ ቀጥ ያለች ሴት ናት። ወረቀቱን አየችና «ደስ ይላል» አለች፤ «ግን አዲስ ጥቅል ሠርተሽ ካልደገምሽው አልፈርምበትም።» ትክክል ነበረች። ሆስፒታሉ ግን የመጀመሪያውን ወሬ ሲሰማ፣ ጊዜ እንዳይባክን በማለት የተመዘገቡትን ሕሙማን ማዘጋጀት ጀመረ። ወደ ሙከራው የሚገባ ሰው የድሮ መድኃኒቱን አቁሞ ሳምንታት መቆየት አለበት፤ ደሙ ከሌላ መድኃኒት መጽዳት አለበትና። ከተመዘገቡት ውስጥ አንዱ ወንድሜ ነበር።

ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ ነገረው። ክኒኑ አንዴ ከተቋረጠ በሽታው ሊያገረሽ ይችላል፤ ካገረሸ በኋላ ክኒኑ ሁለተኛ ላያቆመው ይችላል። እኔም «ልድገመውና ከዚያ አቁም» አልኩት።

«ሚጣ» አለኝ፣ «ይሄ ክኒን አንድ ቀን እንደሚከዳኝ ነግረውኛል። እሱ ከሚቀድመኝ እኔ ልቅደመው። ደግሞስ በዓይንሽ አይተሻል አይደል? ያዘች አላልሽኝም?»

ብያለሁ። ሰኞ ማታውኑ ሱቁ በር ላይ ቆሜ «ያዘች!» ብዬ ጮኬአለሁ፤ የጎማ ቤቱ ሰዎች ሌባ የተያዘ መስሏቸው ወጥተዋል። ወንድሜ በቫርኒሽ እጁ ጉንጭና ጉንጬን ይዞ ሳመኝ። ሽታው ፊቴ ላይ ሁለት ቀን ቆየ፤ ልታጠበውም አልፈለግኩ።

አዲሱን ጥቅል እስክሠራ እሱ ክኒኑን ካቆመ ሳምንታት አልፈውት ነበር። ቲዩቡን መለኪያው ውስጥ ከተትኩ። ጨለማ ነው። ደገምኩት፤ ጨለማ። የመጀመሪያ ሐሳቤ አዲሱ ተበላሽቷል የሚል ነበር፤ ሰው የሚወደውን ነገር ለመጠርጠር እጁ አይፈጥንም። የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን ጄል ላይ አስሮጥኳቸው። አዲሱ እንደሚገባው ላይ ቀረ። የድሮው ታች፣ ባዶ ዲኤንኤ በሚወርድበት ቦታ፣ ተጋድሞ አገኘሁት።

የለካሁት ጥቅል ጥቅል አልነበረም፤ ተፈትቷል። መዥገሯ ያበራችው ባዶ ሽቦ ይዛ ነው። የምትፈልገው ቦታ፣ ሲጠቀለል፣ ወደ ውስጥ የዞረው ፊት ላይ ኖሯል።

ጥቅል እንዲያ ሙልጭ ብሎ የሚፈታበትን መንገድ የእኛ ሙያ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቅዝቃዜ ይስማማዋል፤ በረዶ ከሆነ ግን አለቀለት፤ ውሃው ሲጋገር ጨውና ፕሮቲኑን ባንድ ጥግ ያጨናንቅና ሲቀልጥ ዲኤንኤው ከጉብታው ላይ ይወርዳል። ለምዶብን ስለምናውቀው ሳጥን ላይ እንኳ አንጽፈውም። አንድ ሰው ሳጥኔን ዲፕ ፍሪዘር ውስጥ ከቶታል።

ደም ስሬ ተገትሮ ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። «ማነው ሳጥኔን የነካው? ባለቀይ ክዳኑን ማነው የነካው?» እያልኩ በየበሩ ሳንኳኳ፣ የማወርድበትን ስድብ ሁሉ በአፌ እያሰለፍኩ ነበር። ያን ቀን እጄ ላይ የሚወድቀውን ሰው እግዜር ይሁነው።

ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቶ ኖሮ፣ አባ ጠንቀቅ ብቻ ከክፍላቸው ብቅ አሉ፤ ፊታቸው ላይ ትንሽ የሐፍረት ፈገግታ አለ፣ ደብቀው የሰጡት ስጦታ እንደታወቀባቸው ሰው።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉኝ። «ደረስሽበት እንግዲህ። መብራት የጠፋ ለት ዘበኛው ደወለልኝ። ታክሲ የለም፣ ዝናቡ አያስወጣም፤ በእግሬ መጣሁ። ፍሪጁን ስነካው ሞቋል። የወንድማችን ነገር ያለበትን ሳጥን ትቼ እንዴት እተኛለሁ? ጀነሬተር ያለው ዲፕ ፍሪዘሩ ብቻ ነው፤ እዚያ ከተትኩልሽ። ሰኞ ሁላችሁንም ቀድሜ ገብቼ፣ ቀስ አድርጌ አቅልጬ፣ ቦታው መለስኩት። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

እኚህ ሰው ዕድሜ ልካቸውን ሞለኪውል ሲሠሩ ኖረዋል። የእሳቸው ሞለኪውል በረዶ ቢሆን ቢቀልጥ ያው ነው፤ በረዶ ቤት የከተቱት ነገር ጠፍቶባቸው አያውቅም። የሚያውቁትን ጥንቃቄ ሁሉ ነው ያደረጉልኝ። ጉልበታቸው እያመማቸው፣ በዚያ ዝናብ።

አፌ ላይ ካሰለፍኩት ስድብ አንዱም አልወጣ አለ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ እጅጌዬን ነክሼ አለቀስኩ።

ለአለቃዬ ከመንገሬ በፊት ወደ ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። ክኒኑን በዚያች ሰዓት እንዲጀምር ፈልጌ ነው፤ ደቂቃ ያድነው ይመስል። በር ላይ ስቆም እየሳሳ መምጣቱ ታየኝ። ክንዱ ላይ የትም ሳይመታ የበለዘ ቦታ ነበር። ሽቦ እየጠመጠመ በየመሀሉ አየር ለመሳብ ያርፋል።

«መዥገሯ ሰላም ናት?» አለኝ።

«አልያዘችም፣ ወንድም ጋሼ።»

እጁ ቆመ።

«ጥቅሉ ተፈትቶ ነበር። ባዶውን ነው የያዘችው። የተጠቀለለውን አትይዝም። ሙከራው ይቀራል፤ መቅረትም አለበት፤ ብትወስደው ይገድልሃል። ክኒንህን አሁኑኑ ጀምር።» እንባዬ ንግግሬን እየቀደመው ነበር።

ዙሩን ጨረሰና ሽቦውን ቆረጠ። «ማን ፈታው?»

ነገርኩት። ዝናቡንም፣ በእግር መምጣታቸውንም፣ ሰኞ ቀድመው መግባታቸውንም፣ ያንን ፈገግታቸውንም። ስጨርስ ወንድሜ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ሞተሩን ተደግፎ እስኪያልፍለት ጠበቅኩ።

«በዚያ ጉልበታቸው?» አለ። «ያን ሁሉ ዳገት?»

«አዎ።»

«ጃንጥላ ይዘው ነበር በይኝ።»

«እኔ እንጃ። ይመስለኛል።»

«በይ እንዳትነግሪያቸው።»

«ምን?»

«ሰማሽኝ እኮ። እንዳትነግሪያቸው።»

«እንዴት አልነግራቸውም? አንተ እንዲህ ሆነህ፣ እሳቸው ቸርነት የሠሩ መስሏቸው ሊኖሩ ነው? አይሆንም! ደግሞስ ነገ በሌላ ሰው ሳጥን ላይ ቢደግሙትስ?»

«የፍሪዘሩን ቁልፍ አንቺ ያዥ። ትልቅ ሴት አይደለሽ?»

«አለቃዬ እንዴት ተፈታ ብትለኝስ?»

«ለዚያ አታንሺም።» ከዘይት ቆርቆሮው ላይ ተነሥቶ እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። ሳይቀልድ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል። «ሚጣ፣ ስሚኝ። እኔ የያዘኝን ይዤ ነው የምሄደው። እሳቸው ግን ይቀራሉ። ቤታቸው ገብተው ከማን ጋር ያወሩታል? ይሄን ይዘው ብቻቸውን ሊቀመጡ? እኔ ለዚህ አልፈቅድም። ማዪልኝ።»

ልጅ ሆኜ ለትንሽ ለትልቁ «አንተ ሙት» ብዬ በእሱ እምል ነበር። ለጠፋ እርሳስ፣ ለተሰበረ ብርጭቆ፣ ለሁሉም። ያን ቀን እነዚያ ሁለት ቃላት አንደበቴ ላይ መጥተው ቆሙ፤ ልላቸው አልቻልኩም። እሱም ገብቶታል።

«ተይው መሐላውን» አለኝ። «እሺ በይኝ ብቻ።»

«እሺ» አልኩት።

አለቃዬ ቢሮ ገብቼ የመጀመሪያው ጥቅል እንደተፈታና የለካሁት ባዶ ዲኤንኤ እንደነበረ ተናገርኩ። ጄሉን አሳየኋት። ስለ ውጤቱ አንዲት ቃል አልዋሸሁም። እንዴት ተፈታ ስትለኝ ግን «የማስቀመጫውን ውሃ ሳዘጋጅ ጨው አብዝቼበታለሁ» አልኳት። ጨው ከበዛ ጥቅል ይፈታል፤ ይህም እውነት ነው፤ እኔ አላበዛሁም እንጂ። መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በመዳፏ ያዘች። ወንድሜን ታውቀዋለች። «ክኒኑን አቁሟል?» አለችኝ። «አቁሟል» አልኩ። ሌላ ነገር አልጠየቀችኝም። እዚያው ፊቴ ስልክ አንሥታ ሆስፒታሉ ጋ ደወለች፤ ሙከራው በዚያው ቀረ።

ስብሰባ ላይ ቆሜ ጥፋቴን ተናገርኩ። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤት ስገባ ወሬ ይቋረጣል። አንዷ ለሌላዋ «በገዛ እጇ እኮ ነው ወንድሟን» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጸጉሯን ነው የምይዘው። ዞር ብዬ ሻዬን ጠጣሁ። ጥርሴን ነክሼ ነው የዋጥኩት።

ክኒኑ ከዚያ ወዲህ አልሠራም። ሐኪሙ መጠኑን ጨመረ፣ ሌላም ቀላቀለ፤ ደሙ አልሰማ አለ። ወንድሜ መሥራት እስኪያቅተው ሱቁን አልዘጋም። የመጨረሻዋን የፓምፕ ሞተር ግማሽ ድረስ ጠምጥሞ ተወ፤ ሚስቱ አሁንም አልጋ ሥር አስቀምጣታለች፤ ማስጨረስም መጣልም አልሆነላትም።

ሆስፒታል ሲተኛ አባ ጠንቀቅ አልቀሩም። ከሥራ ሲወጡ እየመጡ አልጋው አጠገብ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፤ ስለ ሞተር ያወራሉ፤ መስኮቱ በደንብ መዘጋቱን ያያሉ፤ ነፋስ እንዳይመታው አንሶላውን እስከ አገጩ ይስቡለታል። ወንድሜ በአንሶላው ውስጥ ሆኖ በእሳቸው ትከሻ ላይ እኔን ያየኛል። አንድ ቀን እሳቸው ውሃ ሊያመጡለት ሲወጡ «አደራሽን» አለኝ፤ «ፊትሽ ሊናገር ነው።» ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። በዚያው ሳምንት ሞተ።

ለቀስተኛው ተበትኖ ግቢው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበሮቹ ብቻ የቀሩ ከሰዓት፣ አባ ጠንቀቅ ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያነባበሩ ግድግዳው ሥር ሰበሰቡ። ተዉ ብላቸውም አልሰሙኝም። ጨርሰው መጥተው አጠገቤ፣ እየቃተቱ፣ ተቀመጡ። ጉልበታቸውን በእጃቸው እያሹ ቆዩና እጄን ያዙኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልበልሽ» አሉ። «ራስሽን ስትወቅሺ አያለሁ። ይበቃሻል። ሰው ነሽ፤ ሰው ይሳሳታል። እሱ ራሱ አንድ ቀን ክፉ ሲያስብብሽ አልሰማሁም። እኔም ደግሞ…» የደረደሩት ወንበር እንዳይወድቅ አየት አድርገው ቀጠሉ፤ «እኔም ይቅር ብዬሻለሁ። የሆዴን ነው የምነግርሽ፤ መጀመሪያ ተቀይሜሽ ነበር። ያንን ሳጥን በዚያ ዝናብ ከሙቀት አዳንኩልሽ፤ ከጨው ግን እንዴት አድርጌ ላድነው? ከእንግዲህ ጨው ስትመዝኚ ጥሪኝ። ሁለት ሆነን ከመዘንነው አንሳሳትም።»

አፌ ተከፈተ። እውነቱ በሙሉ፣ ከነዝናቡ ከነበረዶው፣ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ልጮኽባቸው ፈለግኩ። ወንድሜን ገድለው ይቅር ሲሉኝ ደረቴን የሚያፈነዳ ቁጣ ያዘኝ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ያንን የሚያማቸውን ጉልበት በሌላ እጃቸው ሲያሹ አይቼ አንጀቴን በሉት። ሁለቱ ባንድ ላይ ሆኑብኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ ጋሼ» አልኩ።

ጃንጥላቸውን አንሥተው ተነሡ። እስከ ግቢው በር ሸኘኋቸውና ከኋላቸው ዘጋሁ። እርምጃቸው ሲርቅ ሰማሁ፤ ቆመ፤ ተመለሰ። ከውጭ እጀታውን ይዘው ሁለት ጊዜ ነቅነቅ አደረጉት፤ በሩ መዘጋቱን እያዩ ነው። እኔ ከበሩ ወዲህ ቆሜ፣ አፌን በሁለት እጄ ይዤ፣ እስኪሄዱ ጠበቅኩ።